የባሱን ጣት አካሄድ እንዴት እንደ ተማርን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከሙዚቃ ክበብ ሁለት ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



 የተሰጠን ርእስ «ባሱን የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ እንዴት እንደ ተማራችሁ ንገሩን» የሚል ነው። ርእሱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ለወላጆቻችን ልንናገረው የሚገባን አንድ ጥፋት ስላለ፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

አስቀድመን መሣሪያውን እናስተዋውቃችሁ። ይህ በእጃችን የያዝነው ባሱን ከእንጨት የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ቁመቱ 134 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ያለው የአየር መንገድ ግን ወደ ታች ወርዶ እንደ ገና ወደ ላይ ስለሚመለስ፣ ቢዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ክብደቱም ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ ተቀምጠን ስንነፋ የሚሸከምልን በወንበሩ ላይ አንጥፈን የምንቀመጥበት ጠፍር ነው። ኢጣልያኖች ይህን መሣሪያ «ፋጎቶ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም እስር ወይም ጥቅል ማለት ነው። በእርግጥም ተፈታትቶ በሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ላየው ሰው የማገዶ እስር ይመስላል።

ድምፁ የሚወለደው ግን ከእንጨቱ አይደለም። በጠማማው የብረት አንገት ጫፍ ላይ ሁለት ስስ የሸምበቆ ልጣጮች ፊት ለፊት ተጣምረው የታሰሩበት ትንሽ ምላስ ይሰካል። በከንፈራችን ይዘን ስንነፋው ምላሱ ይርገበገባል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለውም አየር አብሮ ይጮኻል። የአገራችን እረኛ ዋሽንቱን ከሸምበቆ እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ባሱን ምንም እንኳ ከሩቅ አገር ቢመጣ፣ አፉ የሚናገረው እኛም በምናውቀው ሸምበቆ ነው።

በዋሽንትና በባሱን መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት በጣቶች ሥራ ላይ ነው። ዋሽንት ነፊ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ይበቃዋል። ባሱን ግን ከዐሥሩ ጣቶቻችን አንዱንም ሥራ ፈት አይተውም። ስድስቱ ጣቶች ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ ወይም የቀዳዳውን ክዳን ይጫናሉ፤ ትንንሾቹ ጣቶች ቁልፎችን ይጫናሉ፤ የቀኙ አውራ ጣት አራት ቁልፎች አሉት። የግራው አውራ ጣት ደግሞ በእኛ ባሱን ላይ ስምንት ቁልፎችን ብቻውን ይጠብቃል፤ በሌሎች ላይ ዘጠኝም ይሆናሉ። «ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሐምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምስኪን አውራ ጣት ስምንት ሎሚ ተሸክሞ ረዳት የለውም። የምንነግራችሁ ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ዙሪያ ስለ ሆነ፣ እባካችሁ አትርሱት።

የቁልፎቹ ብዛት ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንቱ ባሱን ላይ ቁልፎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ አንዳንዱ ድምፅ ጠማማ፣ አንዳንዱም ደካማ ነበር። ካርል አልሜንሬደር የሚባል ጀርመናዊ ሙዚቀኛ ቀዳዳዎቹን ከቦታቸው እያዛወረ፣ ቁልፎችንም እየጨመረ መሣሪያውን አሻሻለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ከዮሐን አዳም ሄክል ጋር ሆኖ በራይን ወንዝ ዳር በቢብሪሕ ከተማ የሥራ ቤት ከፈተ። የእኛም ባሱን በዚህ በጀርመኖቹ ሥርዓት የተሠራ ነው። ፈረንሳዮች ግን ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ በእነርሱ ባሱን ላይ ብዙዎቹ ድምፆች የሚያዙት በሌላ ጣት ነው። ይህን የምንነግራችሁ ዕውቀታችንን ለማሳየት አይደለም። ይህን ባለማወቃችን ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈረንሳዮቹን ሰንጠረዥ ይዘን በጀርመኑ መሣሪያ ላይ ስንደክም ስለ ቆየን ነው። ስለዚህ ከእኛ በኋላ የሚማር ሁሉ፣ ጣቱን ከማንሣቱ በፊት ሰንጠረዡ ለየትኛው ባሱን እንደ ተጻፈ ይጠይቅ።

ባሱኑን ያገኘነው በሙዚቃ ክፍላችን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት በሳጥኑ ተዘግቶ፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። የሙዚቃ መምህራችን የክላሪኔት ሰው ናቸው። ሳጥኑን ከፍተው አሳዩንና «እኔ ይህን አልተማርሁም፤ የሚፈልግ ካለ ግን አብረን እንሞክረዋለን» አሉ። እኛ ሁለታችን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ እጃችንን አነሣን። አንድ መሣሪያ ለሁለት ስለ ሆነ ቀኑን ተካፈልነው። ሰኞና ረቡዕ አንዳችን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሌላችን፣ ዓርብ ግን አብረን። ምላስ ግን ለጤና ሲባል ለየራሳችን ያዝን።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ባሱን ሲታይ ያስፈራል እንጂ የመጀመሪያው ድምፁ ከአንድ የአውራ ጣት ቁልፍ በቀር ምንም አይጠይቅም፤ ሌሎቹን ጣቶች ሁሉ አንሥታችሁ ስትነፉ «ፋ» ይላል። የግራ ሌባ ጣት ሲወርድ «ሚ» ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲታከል «ሬ»፤ ሦስተኛው ሲታከል «ዶ»። ከዚያ በኋላ የቀኝ እጅ ጣቶች ተራ በተራ እየወረዱ «ሲ»፣ «ላ»፣ «ሶል» ይሰጣሉ። ልክ ደረጃ እንደ መውረድ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ሁሉ በቃላችን ያዝን። ከሁለታችን አንዱ ሰንጠረዡን ዓይኑን ጨፍኖ ሳይሳሳት ይናገር ነበር። ሁለታችንም ባሱን የተማርን መሰለን።

ችግሩ የመጣው ወደ ላይ መውጣት ስንጀምር ነው። ለላይኛው «ሶል» የግራውን ሌባ ጣት ማንሣት አይገባም፤ ቀዳዳውን በግማሽ እንዲገልጥ ማንከባለል ነው። ይህን በብዙ ድካም ቻልነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው «ላ» ግን እንቢ አለ። የላይኛውን «ላ» ለማውጣት ስንነፋ መጀመሪያ ከታች አንድ የጉሮሮ ማጉረምረም ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ እየተንገዳገደ ወደ ቦታው ይወጣል። «ሲ»ም እንዲሁ፣ «ዶ»ም እንዲሁ። የክፍል ጓደኞቻችን «ዛሬም እንቁራሪቷን አመጣችኋት?» እያሉ ሳቁብን። ምላስ ለወጥን፤ ያው ነው። ከንፈራችንን አጠበቅን፤ ባሰበት። ሰንጠረዡን ደግመን አየን፤ ጣቶቻችን ሁሉ በተጻፈላቸው ቦታ ላይ ነበሩ።

እንግዲህ ጥፋታችንን ልንናገር ነው። ማረስ ያልቻለ ሰው በሬውን እንደሚገርፍ ሁሉ እኛም መሣሪያውን ወቀስን። «ባሱኑ ተሰብሯል፤ አየር ያስወጣል፤ ካልተጠገነ ለበዓሉ አይደርስም» የሚል ደብዳቤ ጽፈን ለወላጆች ኮሚቴ ሰጠን። መሣሪያው መሰበሩን በዓይናችን አላየንም፤ የጻፍነው ግን እንዳየ ሰው በእርግጠኝነት ነበር። ወላጆቻችንም ቃላችንን አምነው ለጥገናው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ከሰጡት መካከል ለሌላ ነገር ያስቀመጡትን የሰጡ እንዳሉ በኋላ ሰምተናል።

በዚያ ሳምንት መምህራችን አንድ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ሙዚቀኛ ይዘው መጡ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ባሱን ይነፉ ነበርና፣ ለጥገና ከመላኩ በፊት የተሰበረውን ቦታ እንዲያሳዩን ነበር የተጠሩት። መሣሪያውን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ክዳኖቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ጥቂት ያረጀ ነገር አገኙ፤ ስብራት ግን አላገኙም። ከዚያ በኋላ ከኪሳቸው የራሳቸውን ምላስ አውጥተው በአፋቸው አረጠቡና ነፉ። «ሶል»፣ «ላ»፣ «ሲ»፣ «ዶ»! እንደ ማር የጠራ ድምፅ ወጣ። እኛ አንገታችንን ደፋን።

«እስቲ አንቺ ንፊው» አሉ። ነፋች፤ እንቁራሪቷ ጮኸች። «አንተስ?» አሉ። እርሱም ነፋ፤ እንቁራሪቷ ደግማ ጮኸች። ሽማግሌው ከንፈራችንን አልተመለከቱም፤ ከመሣሪያው ጀርባ ዞረው የግራ እጃችንን አዩ።

«አውራ ጣታችሁ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ጠየቁን።

«ምንም አይሠራም፣ አባባ። ሰንጠረዡ ልቀቁ ስለሚል ለቀነዋል» አልን።

«ልጆቼ፣ ዕቃው ደኅና ነው። የተኛው አውራ ጣታችሁ ነው» አሉን።

ነገሩን እንዲህ ሲሉ አስረዱን። የታችኛው «ላ» እና የላይኛው «ላ» የሚያዙት በአንድ ዓይነት ጣት ነው፤ «ሲ»ና «ዶ»ም እንዲሁ ናቸው። የሚለያቸው አውራ ጣት ነው። ለታችኛው ድምፅ የግራው አውራ ጣት «የሹክሹክታ ቁልፍ» የሚባለውን ተጭኖ ይቆያል፤ ይህም በብረቱ አንገት ላይ ያለችውን እጅግ ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። ለላይኛው ድምፅ ይህን ቁልፍ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መልቀቅ ብቻ አይበቃም። ድምፁ በሚጀመርበት ቅጽበት አውራ ጣቱ ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን ነካ አድርጎ መመለስ አለበት። ለ«ላ» አንዱ ቁልፍ ነው፤ ለ«ሲ ፍላት»፣ ለ«ሲ»ና ለ«ዶ» ደግሞ ከጎኑ ያለው። ያች ቅጽበት ከታለፈች፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ይውጣ ወይስ በታች ይቅር ሳይወስን ያመነታል። የሰማነው ማጉረምረም የእርሱ ማመንታት ነበር።

ሰንጠረዡ ለምን አልነገረን? ሰንጠረዥ በጥቁርና በነጭ ክቦች የተሣለ ነው። ጥቁሩ «ድፈን» ይላል፤ ነጩ «ክፈት» ይላል። ጣት የት እንደሚቀመጥ ይነግራል እንጂ እንዴት እንደሚሄድ አይነግርም። ነካ አድርጎ መመለስ ደግሞ ጉዞ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም። እኛ የተማርነው የጣት አቀማመጥን ነበር፤ የጣት አካሄድን ገና አልጀመርንም።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣብን። ከማንኛችን እንደ ጀመረ አንናገርም፤ ሁለታችንም አድምጠነዋልና የሁለታችን ነው። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ «ዝም እንበል። ባሱኑ ለጥገና ይሂድ፤ ይመለስ። እኛም በዚያ ጊዜ አውራ ጣታችንን እናለማምድ። ከዚያ በኋላ በደንብ ስንነፋ ሰው ሁሉ ‹ተጠገነ› ይላል፤ ማንም አያፍርም።» እስከ ሰፈራችን መገንጠያ ድረስ ይህን እያሰብን ሄድን። እዚያ ስንደርስ ግን መለያየት አቃተን። በሰጡት ገንዘብ ፈንታ ውሸት ልንሰጣቸው የነበሩት ሌሎች ሰዎች አይደሉም፤ ቤት ገብተን እራት የምናበላቸው የራሳችን እናቶችና አባቶች ነበሩ።

በማግሥቱ ጧት ከመምህራችን ጋር ወደ ዲሬክተራችን ቢሮ ሄደን እውነቱን ተናገርን። ቀጥሎም በወላጆች ኮሚቴ ፊት ቆመን «መሣሪያው አልተሰበረም፤ የጻፍነው ሳናጣራ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን» አልን። ቁጣ ጠብቀን ነበር። ኮሚቴው ግን ከመከረ በኋላ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሸምበቆ ምላሶችና ያረጁትን የክዳን ሽፋኖች ለመለወጥ እንዲውል፣ የቀረውም ለሰጪዎቹ እንዲመለስ ወሰነ። አንዲት እናት ብቻ «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ተሰበረ ከማለታችሁ በፊት ጣታችሁን እዩ» አሉን። ይህን ቃል በሙዚቃ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ጽፈን ሰቅለነዋል።

ከዚያ ወዲህ ትምህርታችን ተለወጠ። ውድ ጓደኞቻችን፣ ማንኛውንም መሣሪያ ለምትማሩ ይጠቅማችኋልና የአሠራራችንን መንገድ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ አንድ ድምፅ ለብቻው አናጠናም፤ ሁለት ድምፆችን ይዘን በመካከላቸው ያለውን መንገድ እናጠናለን። ከ«ሶል» ወደ «ላ»፣ ከ«ላ» ወደ «ሶል»፣ በጣም በዝግታ፣ እስከ ሃያ ጊዜ። ሁለቱን ድምፆች ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይደናቀፉ መሻገር ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱ ድምፅ ሁለት ጣት ሊኖረው እንደሚችል አወቅን። ለምሳሌ ታችኛው «ፋ ሻርፕ» በቀኝ አውራ ጣትም በቀኝ ትንሽ ጣትም ይያዛል፤ «ሶል ሻርፕ»ም እንዲሁ። ሁለቱ ድምፆች ተከታትለው ቢመጡና ሁለቱንም በትንሽ ጣት ብንይዝ፣ ጣቱ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ መንሸራተት አለበት፤ ድምፁም ይቆራረጣል። አንዱን ለአውራ ጣት፣ አንዱን ለትንሽ ጣት ብናካፍል ግን መንገዱ ይቃናል። እንግዲህ «ትክክለኛው ጣት የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ «ከየት መጣህ? ወዴትስ ትሄዳለህ?» የሚል ነው።

ሦስተኛ፣ ባሱን በሌለን ቀን በመጥረጊያ እጀታ ላይ ተለማመድን። የቀዳዳዎቹን ቦታ በከሰል ምልክት አድርገን ጣቶቻችንን በዝምታ እናስኬዳለን። እናቶቻችን መጥረጊያቸውን ሲፈልጉ ከመኝታ ክፍላችን ያገኙት ነበር። ስለዚህም ዛሬ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

አራተኛ፣ እርስ በርሳችን መስማትን ተማርን። አንዳችን ሲነፋ ሌላችን ጀርባውን አዙሮ ያዳምጣል። የነፋው ሰው ጣቱን ስለሚያይ ጆሮው ይታለላል፤ ጀርባውን ያዞረ ግን የሚሰማው እውነቱን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ታየ። ሰንጠረዡን በቃሉ ይወርድ የነበረው አንዳችን ጣቱ ይቸኩል ነበር። እጇ ትንሽ ስለ ሆነች ቁልፎቹን ለመድረስ የምትቸገረው ሌላችን ግን እያንዳንዱን መንገድ አስባ ስለምትሄድ ድምፅዋ ሳይቆረጥ ይፈስ ነበር። ለዛሬው በዓል የሚነፋ አንድ ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ማን ይንፋ የሚለውን ጥያቄ ያለ ጠብ የጨረስነው በዚህ መንገድ ነው። ጀርባውን አዙሮ የሰማው ራሱ ፈረደ፤ በራሱም ላይ ፈረደ።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል?» ብለው ጠይቀውናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞዛርት የባሱን ኮንቼርቶውን ሲጽፍ፣ በ1774 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ ከእኛ ብዙ አይበልጥም። ቪቫልዲ ደግሞ ከ1703 ጀምሮ በቬኒስ ከተማ ወላጅ አልባ ሴቶች ልጆች በሚያድጉበት ቤት ሙዚቃ ያስተምር ነበር፤ ለባሱን ብቻ ከ35 የሚበልጡ ኮንቼርቶዎችን ጽፏል። ዩልዩስ ቫይሰንቦርን የሚባል የላይፕዚግ ባሱን ነፊ በ1887 ለጀማሪዎች ያሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ዛሬም ድረስ ተማሪዎች ይሠሩበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የምንሰጠው መልስ ከዚህ ያነሰና ወደ ራሳችን የቀረበ ነው። ሁለታችንም ባሱን ነፊ ሆነን እንጀራችንን እንበላ እንደ ሆነ አናውቅም። አንድ ነገር ሲበላሽብን ግን ጥፋቱን ከዕቃው ወይም ከሌላ ሰው ከመፈለጋችን በፊት ወደ ገዛ ጣታችን መመልከትን ተምረናል። ይህን ትምህርት ያስተማረን ከመጽሐፎቻችን ሁሉ ይልቅ ያ የተኛ አውራ ጣት ነው።

በመጨረሻ፣ «አልተማርሁም፤ አብረን እንሞክረው» ያሉንን መምህራችንን፣ አውራ ጣታችንን የቀሰቀሱልንን ሽማግሌ ሙዚቀኛ፣ እውነቱን በትዕግሥት የሰሙንን ዲሬክተራችንን፣ ከሁሉም በላይ ቃላችንን አምነው የሰጡንን፣ በስሕተታችንም ይቅር ያሉንን ወላጆቻችንን ከልብ እናመሰግናለን። ትምህርት ቤታችን ብዙ ዘመን ይኑር፤ በዕቃ ቤቱም ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር መሣሪያ አይኑር።

አሁን ከሁለታችን አንዷ ተቀምጣ የትምህርት ቤታችንን መዝሙር በባሱን ታሰማችኋለች፤ ሌላው ደግሞ አጠገቧ ቆሞ ወረቀቱን ይገልጥላታል። በመዝሙሩ ውስጥ ያ የላይኛው «ላ» ሰባት ጊዜ ይመጣል፤ ቈጥረነዋል። እንቁራሪቷ ዛሬ ብትጮኽ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ ገንዘብ አታዋጡ፤ መሣሪያው ደኅና ነው።